የሰፈራችን ማልያ በፔስ 6 ላይ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

የእህቴ ልጅ አቡሽ የዓመቱን ፈተና ጨርሶ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከእኔ ጋር ሱቅ ነው የሚውለው። ሱቄ ጅማ መርካቶ አካባቢ ነው፤ ጽሑፍ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ የተበላሸ ላፕቶፕ እንጠግናለን። ልጁ ላፕቶፑንና በፌስታል የተጠቀለለ ማልያ ይዞ ገባ፤ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ይሄን እዚህ ውስጥ ታስገባልኛለህ?» አለኝ።

ማልያው የሰፈሩ ልጆች ቡድን ነው። ባለፈው ጥር ገንዘብ አዋጥተው እዚሁ መርካቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ 14 አሰፉ። ቀለሙ የበሰለ ቡና ቀይ ነው፣ ኮሌታው ነጭ። ደረቱ ላይ ትንሽ ጀበና አለች፤ ከጀበናዋ በላይ «ጅማ» ተብሎ በነጭ ክር ተጠልፏል። ጥልፉን የሠራችው የአንዱ ልጅ እናት ናት፤ አሥራ አራቱንም በእጇ። ከአዌቱ ወንዝ ወዲህ ባለው ሜዳ ሲጫወቱ ከሩቅ ይለያሉ።

«እዚህ ውስጥ» ያለው ደግሞ ፔስ 6 የሚባለውን የኮምፒውተር እግር ኳስ ጨዋታ ነው። ላፕቶፑን እትዬ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ገዝታ ነው ያመጣችለት፤ 4 ጊጋባይት ራም አለው፣ ለብቻው የሆነ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። አዲሶቹን ጨዋታዎች አይችልም። ፔስ 6 ግን የወጣው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2006፣ በእኛ ጥቅምት 1999 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ላፕቶፕ ላብ ሳያልበው ይሸከመዋል። እኔም በዚያ ዘመን ጌም ቤት ተሰልፌ፣ ሂሳቡን በጨዋታ እየከፈልኩ ያደግኩበት ነው። ኢንተር ሚላንን የያዘ ልጅ በአጥቂው በአድሪያኖ ግራ እግር ከየትም ቢመታ ይገባለት ነበር። ስለዚህ ልጁ ሲጠይቀኝ ሁለቴ አላሰብኩም።

ለማያውቀው፦ ፔስ 6 ውስጥ ብዙ ክለቦች በስማቸው አይጠሩም። የጨዋታው ሠሪ ኮናሚ ፈቃዱን ስላላገኘ ቼልሲ «ለንደን ኤፍሲ» ነው፣ ማልያውም የእሱ አይደለም። ኪትሰርቨር የሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም የተሠራው ይህንን ለማስተካከል ነው። አሠራሩን እወደዋለሁ። የጨዋታውን ትልልቅ ፋይሎች አይነካም። ጨዋታው «የዚህ ቡድን ማልያ የት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መሀል ይገባና «ይኸው» ብሎ ከራሱ ፎልደር ያለውን ሥዕል ያቀብላል። ኪትሰርቨርን ስታወጣው ጨዋታው ወደነበረበት ይመለሳል። ለልጅ ላፕቶፕ የምመርጠው እንዲህ ያለውን ነው።

ዛሬ የተሠራው ይህ ነው። ጨዋታውን ጫንኩ፣ ተከፈተ። ማያ ገጹ ሰፊ ስለሆነ ተጫዋቾቹ ጎናቸው ተለጥጦ ድብልብል ሆነው መጡ፤ በኪትሰርቨር ውስጥ ያለው የስክሪን ማስተካከያ ፈታው። ጨዋታውን ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ መጫኔ ግን ስህተት ነበር። ቪስታ ከሚባለው እትም ወዲህ ዊንዶውስ አሮጌ ፕሮግራም እዚያ ውስጥ እንዲጽፍ አይፈቅድም፤ የጻፈውን ደብቆ በተጠቃሚው ስም ወዳለ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። አንተ አንዱን ፋይል ታያለህ፣ ጨዋታው ሌላውን ያነባል። ሁሉንም አንስቼ ዲ ድራይቭ ላይ ጌምስ የሚል ፎልደር ውስጥ ድጋሚ ጫንኩት። አንቲቫይረሱም ከኪትሰርቨር ፋይሎች አንዱን አንስቶ ለብቻ አግቶት አገኘሁ። ፋይሉን ከታወቀ ቦታ ያወረድኩት ስለሆነ መለስኩት፣ ፎልደሩም እንዳይፈተሽ አስመዘገብኩ። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰዓት አልፈጁም።

እሑድ፣ ሰኔ 22

ዛሬ ሱቅ ዝግ ስለሆነ እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ሳለ እኔና አቡሽ ሳሎን ጥግ ባሉት በርጩማዎች ላይ ተቀምጠን ላፕቶፑን መሀላችን አደረግን።

ችግሩ ወዲያው ወጣ። ልጁ ከማይጫወትባቸው ቡድኖች አንዱን መርጦ ስሙን ቀየረ፣ የተጫዋቾቹን ስም በጓደኞቹ ስም ተካ፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሴቭ ሲል ጨዋታው ትንሽ አሰበና ማስቀመጥ አልቻልኩም አለ። ደግሞ ሞከረ፣ ያው ነው። ዘግተን ስንከፍት ሁሉም ጠፍቷል፤ የቡድኑ ስም፣ የተጫዋቾቹ ስም፣ የቁልፎቹ አቀማመጥ ሳይቀር። ልጁ ምንም አላለም፤ የጓደኞቹን ስም ዝርዝር የጻፈበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ያን ሳይ ችግሩን ሳልፈታው ላልነሳ ወሰንኩ።

የሞከርኩትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ቀኝ ክሊክ አድርጌ እንደ አድሚኒስትሬተር ከፈትኩት፣ አልሆነም። ለዊንዶውስ ኤክስፒ ተብሎ እንደተሠራ እንዲቆጥረው ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ አደረግኩለት፣ አልሆነም። ዲስኩ ሞልቶ ይሆን ብዬ አየሁ፤ ከግማሹ በላይ ባዶ ነው። ቀጥሎ የጠረጠርኩት አንቲቫይረሱን ነው። ዊንዶውስ 10 ውስጥ የማያውቀው ፕሮግራም ዶክመንትስ ፎልደር ላይ እንዳይጽፍ የሚከለክል መቆጣጠሪያ አለ፤ ብዙ ሰው የጨዋታ ሴቭ የሚጠፋበት በእሱ ነው። ከፍቼ ሳየው ግን ቀድሞውኑ ጠፍቶ ነበር።

ፔስ 6 ማስተካከያዎቹን ሁሉ የሚያስቀምጠው ዶክመንትስ ውስጥ ራሱ በሚፈጥረው ኮናሚ የሚባል ፎልደር ነው። ገብቼ ፈለግኩ። ኮናሚ የሚባል ፎልደር የለም። ፋይሉ ብቻ ቢጠፋ አንድ ነገር ነው፤ ፎልደሩ ራሱ አንዴም አልተፈጠረም። ይህንን ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም። ማታ 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይም፣ አቆምን።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ቀን ሥራ በዛ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙበት ወቅት ስለሆነ ማሽኑ ሲያጉረመርም ዋለ። ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ነው ወደ ላፕቶፑ የተመለስኩት። ሴቩን ለጊዜው ትቼ ማልያው መምጣት አለመምጣቱን ልሞክር አልኩ፤ አንዱ ካልሆነ ሌላው ይሁን።

ኪትሰርቨር ሥዕሎቹን የሚያገኘው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል እየተመራ ነው፤ ማፕ ይባላል። እያንዳንዱ መስመር የቡድኑን መለያ ቁጥር ይዞ፣ ኮማ፣ ከዚያ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ማልያው ያለበትን ፎልደር ስም ይጽፋል። ፎልደሩን የፈጠረው፣ መስመሩንም የጻፈው አቡሽ ነው፤ እኔ ደንበኛ እያስተናገድኩ ከጎኔ ቆሞ ሠራው። ለሙከራ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ቀይ ማልያ አስገባን። ጨዋታውን ከፈትን። ቡድኑ የድሮውን ማልያ ለብሶ ወጣ።

መጀመሪያ ያየሁት የፋይሉን ስም ነው። ዊንዶውስ የፋይል ስም ቅጥያን ስለሚደብቅ ሰው ሳያውቅ ቅጥያውን ሁለቴ ይጽፍና ፕሮግራሙ ፋይሉን ያጣዋል። ቅጥያው እንዲታይ አድርጌ አየሁ፤ ትክክል ነው። የቡድኑን ቁጥር አረጋገጥኩ፤ ትክክል ነው። ኮማውም ጥቅሱም በቦታው ነው። ፎልደሩ ተፈጥሯል፣ ሥዕሉ ውስጡ አለ። ዓይኔ መስመሩን አሥር ጊዜ አነበበው፤ አሥር ጊዜም ትክክል ነው አለኝ። አቡሽ ፎልደሩን የሰየመው «ጅማ» ብሎ ነበር፣ በራሳችን ፊደል። እኔ ሳነበው ምን ስህተት አለው?

ከዚያ ፋይሉን እንደ ጨዋታው ልየው ብዬ፣ የጽሑፉን አነባበብ ወደ ድሮው አንሲ ቀይሬ ከፈትኩት። «ጅማ» የለም። በቦታው ስድስት የማይገናኙ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የፈረንጅ «ኤ»፣ ሁለት ትርጉም የለሽ ምልክት፣ ደግሞ ያው «ኤ»፣ ደግሞ ሁለት። አሁን ገባኝ። ኖትፓድ ፋይሉን ያስቀመጠው በዩቲኤፍ 8 ነው፤ በዚያ አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ባይትም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ኪትሰርቨር ግን አንዱን ባይት አንድ ፊደል አድርጎ የሚያነብ የዚያ ዘመን ፕሮግራም ነው። «ጅማ» የሚል ፎልደር ሳይሆን ያን ስድስት ምልክት ሲፈልግ ነበር።

ፎልደሩንም መስመሩንም በእንግሊዝኛ ፊደል ቀየርኩ። ጨዋታውን ከፈትን፤ አሥራ አንድ ቀይ ለባሾች ሜዳ ገቡ። አቡሽ ብድግ አለ።

ሊሄድ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ የኔስ ስም በአማርኛ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ሌሊቱን ሙሉ እሱን ነው ያሰብኩት። ልጁ ልክ ነው። እትዬ ላፕቶፑን ስትሰጠው ራሷ ተቀምጣ አካውንት ከፈተችለት፤ ስም ሲጠይቃት «አቡሽ» ብላ በአማርኛ ጻፈች። ልጇን የምትጠራው እንደዚያ ነው፣ ሌላ ምን ትጽፍ? ዊንዶውስም ተቀብሎ የተጠቃሚውን ፎልደር «አቡሽ» ብሎ ፈጠረው። የልጁ ዶክመንትስም ያለው በዚያ ስም ሥር ነው።

ዛሬ ጠዋት ሱቅ እንደገባሁ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሰየመ የሙከራ አካውንት ከፈትኩ። ጨዋታውን ጀመርኩ፣ ስም ቀየርኩ፣ ሴቭ አልኩ። ተቀመጠ። ኮናሚ የሚለው ፎልደር ዶክመንትስ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ወደ አቡሽ አካውንት ተመለስኩ፤ እንቢ አለ። ሁለት ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። አሁን ጥርጣሬ የለም።

ምክንያቱን በደንብ ልጽፈው፤ ነገ ሌላ ልጅ ሌላ ጨዋታ ይዞ ሲመጣ ይጠቅመኛል።

ፔስ 6 ዊንዶውስን «ዶክመንትስ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው በድሮው መንገድ ነው። በዚያ መንገድ የሚመለሰው መልስ በኮምፒውተሩ ኮድ ፔጅ ይጻፋል፤ ኮድ ፔጅ ማለት 256 ቦታ ያለው የፊደል ሰንጠረዥ ነው። ለሩሲያኛ ተሠርቷል፣ ለግሪክኛ ተሠርቷል፣ ለዓረብኛ ተሠርቷል። ለአማርኛ የዊንዶውስ ኮድ ፔጅ ተሠርቶ አያውቅም። ቢሠራም አይበቃም ነበር። 33ቱን ፊደላት በ7 ብታባዛ 231 ይሆናል፤ ቋ፣ ሏ፣ ጓ የመሳሰሉትን፣ ነጥቦቹንና ቁጥሮቹን ስትጨምር፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ቦታውን ለቅቆ ስለማይሄድ፣ 256 ቦታ ከየት ይመጣል? ፊደላችን የዓለምን ፊደላት በአንድ ላይ በሚይዘው ሰንጠረዥ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት፣ ኒያላን፣ አብሮ ይዞ የመጣው በቪስታ ነው፤ ቪስታ ለሕዝብ የተሸጠው ከጃንዋሪ 2007 ጀምሮ ነው። ፔስ 6 የወጣው ከዚያ ሦስት ወር ቀድሞ ነው።

እንግዲህ ጨዋታው ሲጠይቅ ዊንዶውስ «አቡሽ»ን በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ይፈልገዋል፣ ያጣዋል። ያጣውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። አ፣ ቡ፣ ሽ፦ ሦስት የጥያቄ ምልክት። ጨዋታው የተሰጠውን አምኖ፣ ስሙ ሦስት የጥያቄ ምልክት በሆነ ፎልደር ሥር ኮናሚን ሊፈጥር ይሞክራል። እንደዚያ ያለ ፎልደር ደግሞ ሊኖር አይችልም፤ የጥያቄ ምልክት በዊንዶውስ የፋይል ስም ውስጥ ከተከለከሉት ምልክቶች አንዱ ነው።

ከሰዓት አቡሽ ሲመጣ ይህንኑ በእጁ እንዲያየው አደረግኩ። «አዲስ ፎልደር ፍጠርና ስሙን የጥያቄ ምልክት በለው» አልኩት። ጻፈ፤ ዊንዶውስ ይህ ምልክት አይፈቀድም ብሎ ትንሽ ሳጥን አወጣበት። ሦስት ጊዜ ተጫነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳጥኑ ብቅ አለ። «ስሜን እንደዚህ ነው የሚያየው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዝም ብሎ ማያ ገጹን ሲያይ ቆየና «ታዲያ ስሜን ልትቀይረው ነው?» አለኝ።

ይሄን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም። በሱቄ ሥራ ይህ በሽታ የቆየ ጎረቤቴ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ዛሬም አለ። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሰው የሕይወት ታሪክ ወደ ተበታተነ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለወጣል። ያኔ ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው። ዛሬ ግን አንድ የ13 ዓመት ልጅ ኮምፒውተሩን በስሙ፣ በፊደሉ መክፈት ይችላል። ያን ለአንድ ጨዋታ ብዬ አላስጥለውም። ስምህ ባለበት ይቆያል አልኩት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ከተማው ከጠዋቱ ሞልቷል፤ ከገጠር የመጣ ሰው ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳ እስከ 9 ሰዓት ቀና አላልኩም። ከዚያ በኋላ የሚቻሉትን መንገዶች አንድ በአንድ አየሁ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረውን እኔም ትናንት ጠዋት ሞክሬው ነበር፤ ኮንትሮል ፓነል ገብቼ የአካውንቱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ቀየርኩ። መግቢያው ላይ የሚታየው ስም ተቀየረ፣ ችግሩ ግን አልተቀየረም። በዚያ በኩል የሚቀየረው የሚታየው ስም ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የተፈጠረው ፎልደር ስሙን ይዞ ይቀጥላል። መልሼ «አቡሽ» አልኩት።

ሁለተኛው፣ ዊንዶውስ 10 ውስጥ በቋንቋና አካባቢ ማስተካከያ ሥር ያለ አንድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ነው፤ አሮጌ ፕሮግራሞች ሁሉ በዩቲኤፍ 8 እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ማይክሮሶፍት ራሱ «ቤታ» ብሎ ጽፎበታል። ለዚህ ጨዋታ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን የሚነካው ኮምፒውተሩን በሙሉ ነው። አንዱን ለመጠገን ሌሎች አሮጌ ፕሮግራሞች ላይ አዲስ ችግር ማምጣት ስላልፈለግኩ አልነካሁትም።

የመረጥኩት ሦስተኛውን ነው። ዶክመንትስ ፎልደር ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሎኬሽን። እዚያ ዶክመንትስ የሚቀመጥበትን ቦታ መቀየር ይቻላል። ዲ ድራይቭ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር ስም ያለው ፎልደር ፈጥሬ ወደዚያ አዛወርኩት። ዊንዶውስ የነበሩትን ፋይሎች ይዤ ልሂድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ አልኩት፤ የልጁ የትምህርት ቤት ሥራዎች አብረው ሄዱ። ተጠቃሚው አሁንም «አቡሽ» ነው፣ ዶክመንትስም ያው ዶክመንትስ ነው። ጨዋታው የት ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ብቻ ሊያነበው የሚችለው ሆነ።

ሪስታርት አድርጌ ጨዋታውን ከፈትኩ። ስም ቀየርኩ፣ ሴቭ አልኩ። ተቀመጠ። ዘግቼ ስከፍት ስሙ አለ። ኮናሚ ፎልደሩም በአዲሱ ቦታ ተፈጥሯል፣ ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ12 ይላል። አቡሽ ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ የያዘውን ወረቀት አወጣና ከመጀመሪያው ስም ጀመረ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለራሴ፦ ይህ የሚሠራው ዶክመንትስ ውስጥ ለሚያስቀምጡ ጨዋታዎች ነው። አፕዳታ በሚባለው ድብቅ ፎልደር ውስጥ የሚጽፉ አሉ፤ ዶክመንትስን ማዛወር እሱን አያንቀሳቅሰውም። ለእነዚያ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ አካውንት መክፈት ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ዛሬ ማልያውን ሠራን። ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም የወደድኩት ይሄን ነው።

የጨዋታው ማልያ 512 በ256 ፒክስል የሆነ አንድ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው፤ ፊቱ፣ ጀርባው፣ እጅጌው፣ ቁምጣው፣ ካልሲው ሁሉ እዚያው ላይ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተዘርግቷል። ልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሳይሰፋ በፊት ያለውን ልብስ አስቡት። ጂምፕ በሚባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም ሠራነው።

ቀለሙ አስቸገረኝ። በሱቁ ፍሎረሰንት መብራት ያነሳሁት ፎቶ ማልያውን ወደ ወይን ጠጅ ወሰደው። አቡሽ አይቶ «ይሄ የኛ አይደለም» አለ፣ እውነቱን ነው። ዝናቡ ፋታ እስኪሰጥ ጠብቀን 7 ሰዓት ላይ ማልያውን በር ላይ ወንበር አልብሰን በደመናው ብርሃን አነሳነው። ቀዩን ከዚያ ፎቶ ወሰድኩ። የበሰለ ቡና ቀይ ንጹሕ ቀይ አይደለም፤ ትንሽ ጥቁር አለበት። ከዚህ አገር ሰው በቀር ማን ልብ ይለዋል ብዬ አልተውኩትም፣ ለዚህ አገር ሰው ነው የምሠራው።

የመጀመሪያው ሙከራ ጨርሶ አልታየም። ምክንያቱን ቶሎ አገኘሁት፤ ሥዕሉን ያስቀመጥኩት በሙሉ ቀለም ነበር። እዚህ የሚፈለገው ፒኤንጂ የሚባለው የሥዕል ፋይል፣ ያውም ቢበዛ 256 ቀለም ያለው፣ ኢንዴክስድ የሚባለው ነው። ጂምፕ ውስጥ ከኢሜጅ ሜኑ፣ ሞድ፣ ኢንዴክስድ። እዚያ ዲዘሪንግ የሚለውን፣ ቀለሞችን በነጠብጣብ የሚያደባልቀውን፣ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ እኔ ትቼው ስለነበር ቀዩ ላይ እንደ ኩፍኝ ነጠብጣብ ወጣበት። አጥፍቼ ድጋሚ አስቀመጥኩ፤ ጨርቁ ጠራ።

ቀጥሎ ጽሑፉ። ጨዋታው ሜኑ ላይ የቡድኑን ስም በፊደላችን ሊያሳይ አይችልም፤ በውስጡ ያለው ፎንት የእኛን ፊደል አያውቅም። እዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈን አልፈናል። ማልያው ላይ ግን ፊደል ፊደል አይደለም፣ ሥዕል ነው። ጨዋታው ማንበብ አይጠበቅበትም፣ መሸከም ብቻ ነው። ስለዚህ «ጅማ» እዚያ ላይ በሙሉ መብት ይገባል።

መጀመሪያ በተራ ፎንት በ12 ፒክስል ቁመት ጻፍኩት። ሜዳ ላይ ሲወጣ አቡሽ ጠጋ ብሎ አየና «ድማ ይላል» አለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ እውነትም «ድማ» ይላል። ጅ ከድ የሚለየው አናቱ ላይ ባለው ሰረዝ ነው፤ ያ ሰረዝ በዚህ መጠን አንድ ፒክስል እንኳ ስላልሞላ ከቀዩ ጋር ተቀላቅሎ ጠፍቷል። ፎንቱን ትቼ በእርሳስ መሣሪያው ፒክስል በፒክስል ሣልኩት። የጅን አናት ሁለት ፒክስል አወፈርኩ፣ ከሥሩ ካለው ራስ ጋር እንዳይጣበቅ አንድ ቀይ ፒክስል መሀሉ ላይ ተውኩ፣ ለዚያ ቦታ እንዲገኝ እግሮቹን አንድ ፒክስል አሳጠርኩ። ማ ቀላል ነበረች፤ እግሯን ማሳጠር ብቻ ፈለገች። በአራተኛው ሙከራ ከመሀል ሜዳ ካሜራ ሲታይ «ጅማ» ተብሎ ተነበበ።

ጀበናዋን የሣለው አቡሽ ነው። ቦታው 11 ፒክስል በ13 ነው። ሆዷን ክብ አደረገ፣ አንገቷን ሁለት ፒክስል አደረገ፣ እጀታዋን በሦስት ነጥብ ሠራ። አፏን ወደ ቀኝ አዞረው። ማልያውን ሳየው ጥልፉም ወደ ቀኝ ነው፤ እኔ አላስተዋልኩትም ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

አጭር ሥራ። የሁለተኛውን ማልያ ነጩን ሠራን፣ የጀርባ ቁጥሮቹን አስገባን። ካልሲው ከቁምጣው ጋር ተቀያይሮ ቀይ እግር ነጭ ቁምጣ ሆኖ ወጣ፣ አስተካከልነው። ኮናሚ ፎልደሩንና የኪትሰርቨሩን የማልያ ፎልደር ፍላሽ ላይ ሁለት ቦታ ገለበጥኩ፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ እትዬ ቤት ይቀመጣል። ልጁ በሁለት ቀን የጻፋቸው 14 ስሞች እዚያ ውስጥ ናቸው፣ ድጋሚ እንዲጠፉበት አልፈልግም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ከምሳ በኋላ የቡድኑ ልጆች ዘጠኝ ሆነው ሱቅ መጡ። ዝናብ ስለነበር አብዛኞቹ በስብሰዋል። ላፕቶፑን ለማስታወቂያ ከምጠቀምበት ትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘሁላቸው። ቡድኑ ከመልበሻ ክፍል መተላለፊያው ሲወጣ ካሜራው ወደ ደረታቸው ይቀርባል፤ ያኔ ሁሉም አንድ ላይ ጮኹ። እናቱ ጥልፉን የሠራችው ልጅ፣ ግብ ጠባቂው፣ ወደ ስክሪኑ ሄዶ በጣቱ ጀበናዋን ነካት። «እማዬ የሠራችው ነው» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከናይጄሪያ ጋር ተጫውተው 3 ለ 1 ተሸነፉ። ሴቭ አደረጉ፤ ተቀመጠ።

የቀረው የግብ ጠባቂው ማልያ ነው፤ ቢጫ ነው፣ ዛሬ ለብሶት አልመጣም። ነገ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዞት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ ፀሐይ ካለች በር ላይ እናነሳዋለን።